ብርቱካን የተከለከለበት ቤት

«እሳቸው ቢለቀቁማ ይቺን ልጅ በሽሮፕ ነበር የሚያሳድጓት።»

ሲስተር ይህን የሰሙት መታጠቢያ ቤት ቆመው ጥርሳቸውን ሲቦርሹ ነው። የመታጠቢያ ቤቱና የወጥ ቤቱ ግድግዳ አንድ ነው፤ ቤቱን የሠራው ሰው ስሚንቶ ቆጥቦ ይሁን ወሬ ወዶ አይታወቅም፣ እዚያ ማዶ ሹክ ያሉት እዚህ ማዶ ጥርት ብሎ ይሰማል። ምራታቸው ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ወሽቃ ካሮት እየላጠች ነበር። የምታወራው ከአሠሪዋ ጋር መሆኑን ሲስተር ከአነጋገሯ ለዩ፤ ለሌላ ሰው የማታወጣው ለስላሳ ድምፅ አላት። ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ ቀኝ ጆሮዋን ይዛ ስታለቅስ ማደሯን፣ የነጭ ሽንኩርቱን ዘይት ሁለት ሁለት ጠብታ እያደረገችላት ዛሬ ሦስተኛ ቀን መሆኑን፣ ትኩሳቱ ግን አልወርድ እንዳለ ነገረቻት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አማቴ ደግሞ ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይላሉ። ባለፈው ዓመት ሐኪም ቤት ምን ፈየደልኝ? ልጄን ያዳንኳት እኔው ነኝ፣ በገዛ ጓዳዬ» አለች።

የሲስተር ደም ፈላ። ሠላሳ አንድ ዓመት በነጭ ጋወን ቆመው ሲወጉ፣ ቁስል ሲያጥቡ፣ ሲያስታምሙ ኖረዋል። ጡረታ ከወጡ አራት ዓመት ቢሆናቸውም የሰፈሩ ሰው ዛሬም ሲስተር እንጂ በሌላ ስም አይጠራቸውም። በዚህ መንገድ ደረቱን ነፍቶ የሚያልፍ ጎረምሳ ሁሉ ክንዱ ላይ ያለው የክትባት ጠባሳ የእሳቸው የእጅ ሥራ ነው። አፋቸው አረፋ እንደሞላ በሩን በርግደው ወጥተው የልባቸውን ሊናገሩ አሰቡ። የበሩን እጀታ ይዘው ግን ቆሙ። የሰሙት ነገር ግማሹ ግፍ ነው፣ ግማሹ ግን እውነት ነበር፤ የትኛው ግማሽ እውነት እንደሆነ የሚያውቁት ደግሞ በዚህ ቤት ውስጥ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ልጅቷን ጉንፋን ያዛት። እናቷ፣ ጉንፋን ነው፣ በራሱ ጊዜ ይለቃታል ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ ልክም ነበረች። ሲስተር ግን ከጡረታ ወዲህ እጃቸው ሥራ ፈትቶ የሚያክሙት ሰው ያምራቸው ነበርና፣ ከቁም ሳጥናቸው አንድ ብልቃጥ አሞክሳሲሊን አውጥተው በጠበጡ፣ ምራታቸው እንዳታውቅባቸውም በብርቱካን ጭማቂ ቀላቅለው አጠጧት። በሁለተኛው ቀን፣ ብርጭቆው ገና ከጠረጴዛው ሳይነሳ፣ የልጅቷ ገላ በሽፍታ ተወረረ፤ ከንፈሯ አበጠ፣ ዓይኗ ተደፈነ፣ ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። እናቷ ከሥራ በርራ መጥታ ድንገተኛ ክፍል ይዘዋት ገቡ። ሐኪሙ ምን ሰጣችኋት ብሎ ሲጠይቅ ምራታቸው፣ ምንም፣ ብርቱካን ብቻ ነው የጠጣችው ብላ ማለች። ሲስተር ከኋላዋ ቆመዋል። አፋቸው ተከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ያ ቃል ከወጣ የሠላሳ አንድ ዓመት ስማቸው አብሮት እንደሚወጣ ታያቸው። ሆድ ይፍጀው ብለው ዋጡት። ልጅቷ መርፌ ተወጋች፣ እብጠቱ ጎደለ፣ ሐኪሙም ምናልባት ምግብ ይሆናል፣ ለጊዜው ብርቱካኑን ተዉት ብሎ አሰናበታቸው።

በብርቱካን የተጀመረው ክልከላ እዚያ ላይ አልቆመም። ምራታቸው ያችን ቀን ዳግም ላለማየት ቆርጣ ተነሳች። ስልኳ ላይ ያነበበችውና ሥራ ቦታ የሰማችው ተደማምሮ፣ ከብርቱካን ቀጥሎ እንቁላል ከቤት ወጣ፤ ከእንቁላል ቀጥሎ ወተት፣ ኦቾሎኒ፣ በመጨረሻም የስንዴ ዳቦ። መድኃኒትማ ስሙም አይነሳ። የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ስማቸው በወረቀት በተለጠፈባቸው ብልቃጦች ተሞላ፤ አንዷ ጣት የማታህል ብልቃጥ የቤቱን የሳምንት አትክልት ዋጋ ታወጣለች። እውነት ለመናገር ሲስተር ሁሉንም አይነቅፉም። ለታፈነ አፍንጫ የጨው ውሃ ጥሩ ነው። ዓመት ላለፈው ልጅ ሳል ሲይዘው ማታ ማታ አንድ ማንኪያ ማር እሳቸውም ይመክሩ ነበር። ስኳር መቀነስ፣ በጊዜ መተኛት፣ ላብ የሚመጥ የጥጥ ልብስ ማልበስ፣ ይህን ማን ይጠላል? እሳቸውን የሚያንገበግባቸው ሌላ ነው። ያ ሁሉ ብልቃጥና ያ ሁሉ ክልከላ የቆመው እሳቸው በዋጡት አንድ ቃል ላይ ነው፣ ይህንንም ዓመት ሙሉ በየማዕዱ ሲያዩት ኖረዋል። ልጅቷ ስትወለድ ክንዷ እጥፍጥፍ ስለነበር ድምቡሼ ብለዋት ነበር። አሁን አራት ዓመቷ ነው፤ ስሙ አለ፣ ድምቡሽነቱ ግን የለም።

ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ ድምቡሼ የተቀቀለ ዱባ ፊቷ ተደቅኖ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ጥላለች። ሲስተር ግንባሯን በእጃቸው ጀርባ ነኩና ቴርሞሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ብብቷ ውስጥ አደረጉ። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት። ምራታቸው ቁጥሩን አየችው፣ ግን እንዳላየች ሆና የምሳ ዕቃዋን ከደነች። በዚህ ቤት ወጉ እንዲህ ነው፤ ጭቅጭቅ የለም፣ የሚወረወር ዕቃ የለም፣ ሁለት ሴቶች በአንዲት ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ሳይነካኩ ይተላለፋሉ። እርስዎ ይቅደሙ፣ የለም አንቺ እለፊ ሲባባሉ የሰማ እንግዳ እንዴት ያለ ፍቅር ነው ብሎ ይቀናባቸዋል። ከዚያ ጨዋነት በታች ያለውን ግን ሁለቱም አይነኩትም። ሲስተር የእጃቸውን ቴርሞሜትር ወደ ብርሃኑ ዘወር አደረጉት፣ ምናልባት ደግማ ታየው እንደሆነ ብለው።

«ልጄ፣ ዛሬ ብናሳያት ይሻላል» አሉ።

«እማማ፣ ዛሬን ብቻ ይታገሱኝ። በአራት ሰዓት ሁለት ጠብታ ያድርጉላት፣ ከዚያ ትተኛለች።»

ድምጿ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ድምፅ ነው። የልጅቷን ፀጉር ስማ፣ ጫማዋን በሩ ላይ አጥልቃ ወጣች። ሲስተር ከመስኮቱ ሲያዩዋት መንገዱን ተሻግራ ወደ ፌርማታው እየሮጠች በመዳፏ ዓይኗን ጠረገች። አንጀታቸውን በላችው። በዚህች ሴት ሊቆጡ ሲፈልጉ ሁልጊዜ እንዲህ ዓይነት ነገር ታደርግና ንዴታቸውን ታበላሽባቸዋለች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ድምቡሼ ለቅሶዋን ድንገት አቆመች። ሌላ አያት ብትሆን ተመስገን ብላ ጋቢና ትራሷን ታስተካክል ነበር። ሲስተር ግን የልጅቷን ራስ ቀና አደረጉ። ትራሱን ሲያዩት የፈሩት ነው፤ ደም የነካካው ቢጫ ፈሳሽ፣ የነጭ ሽንኩርት ሽታ ያለው። ሕመሙ የቆመው ድና ሳይሆን የጆሮዋ ታምቡር ተቀዶ የተጠራቀመው ስለፈሰሰ ነው። ከዚህ በኋላ እዚያ ውስጥ ዘይት ጠብ ማድረግ ቁስል ውስጥ ማፍሰስ ነው። ብልቃጧን አንስተው ከመደርደሪያው ጫፍ ላይ ሰቀሏት፣ የልጅቷን ጆሮ ከውጭ በንጹሕ ጨርቅ አበሱላት፣ ከዚያም ወንበር ስበው ተቀመጡና ለራሳቸው ቃል ገቡ፤ ይቺ ልጅ ዛሬ ሐኪም ፊት ትቀርባለች። ይህን ብለው ሳይጨርሱ ሁለተኛው ሐሳብ ተከትሎ መጣ። ጆሮዋ እየፈሰሰ፣ እንዲህ እያተኮሳት ሐኪም ፊት ከቀረበች መጀመሪያ የሚታዘዝላት መድኃኒት ያው ያለፈው ዓመቱ ነው። እሱ ደግሞ እንደገና ገላዋ ውስጥ ከገባ በመርፌም ላይመለስ ይችላል። ይህን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው። እንግዲህ ልጅቷን ማሳከም ማለት መናገር ማለት ነው። ሲስተር ይህን ሐሳብ ከፊት ከኋላ አገላብጠው ማምለጫ ፈለጉለት፣ አላገኙለትም።

መጀመሪያ ለልጃቸው፣ ለድምቡሼ አባት ደወሉ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከሄደ ሳምንት ሆኖታል፣ ለመመለስም ሦስት ቀን ይቀረዋል። በሞተር ጩኸት መሀል ነገሩን ከሰማ በኋላ፣ አንቺም ልክ ነሽ እሷም ልክ ናት፣ እናንተው ተስማሙበት አላቸው። ይህ ልጅ ካገባ ጀምሮ ልክ ናችሁ ሲላቸው ኖሮ አንድም ቀን ማን እንደተሳሳተ ነግሯቸው አያውቅም። ስልኩን ዘግተው ድምቡሼን አዘሉ፣ ቦርሳቸውን አነገቱ፣ በሩን ቆልፈው ወጡ።

የመድኃኒት መደብሩ ከመንገዱ ማዶ ነው። ባለሙያው ተማሪ ሳለ መርፌ መያዝ የተማረው ከሲስተር ነው፤ አሁን ሆድ አውጥቶ፣ መነጽር አድርጎ፣ ባለ ሦስት ልጆች አባት ሆኗል፣ ሲስተርን ሲያይ ግን እስካሁን ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ከዚያኛው መድኃኒት ጋር ዝምድና የሌለው ለጆሮ የሚሆን ሌላ ሽሮፕ እንዳለው ጠየቁት። አለ። ከመደርደሪያው አውርዶ መስታወቱ ላይ አስቀመጠላቸው። ለሌላ ሰው ማዘዣ እንደሚጠይቅ፣ ለእሳቸው ግን እንደማያደርገው እየሳቀ ነገራቸው። ደግሞም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው፣ ጣዕሙ እንጆሪ ነው፣ ልጆች መድኃኒት መሆኑንም አያውቁት አለ፤ መልካም ዜና የነገራቸው መስሎት ነው። ሲስተር ብልቃጡን አነሱት። በእጃቸው ላይ ምንም አይከብድም። ሦስት ቀን፣ ሦስት ማንኪያ፣ ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይሰማ። ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ጆሮዋ ይደርቃል፣ ምስጋናውን ነጭ ሽንኩርቱ ይውሰደው፣ እሳቸው ምን ቸገራቸው? ስማቸው እንደተከበረ ይቀራል፣ ቤቱም እንደተለመደው እርስዎ ይቅደሙ አንቺ እለፊ እያለ ይኖራል። ቦርሳቸውን ከፈቱ።

በዚህ ጊዜ ድምቡሼ ከጀርባቸው ላይ ቀና ብላ በትከሻቸው በኩል ብልቃጡን አየችው። ትኩስ ትንፋሿ አንገታቸውን ነካ።

«አያቴ፣ ይሄንንም ለእማዬ አንነግራትም?»

ሲስተር ቀልባቸው ተገፈፈ። ያለፈው ዓመት፣ ያ ብርጭቆ፣ ለእማዬ አንነግራትም እሺ ብለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደረጉበት ሰዓት ሁሉ በዚህች ትንሽ ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ያኔ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር፤ የሰው ስም እንኳ በቅጡ አትጠራም፣ ይህን ግን ይዛዋለች። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም ምንም እንዳልሰማ ሆኖ ሚዛኑን ይጠርጋል። ሲስተር ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በብዙ ነገር አፍረው ያውቃሉ፣ እንደዚህ ግን አፍረው አያውቁም። ብልቃጡን መልሰው መስታወቱ ላይ አኖሩ።

«እንነግራታለን» አሉ። «አሁን ነው የምንሄደው።»

ምራታቸው የምትሠራበት ፀጉር ቤት ሁለት ፌርማታ ይርቃል። አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ተማሪ ተነስታ አስቀመጠቻቸው፤ ልጅቷን ጭናቸው ላይ አድርገው የሚናገሩትን በሆዳቸው ደረደሩ። ለአሠሪዋ ደግሞ ለብቻዋ የሚሆን አዘጋጁ፣ እሱ ጠንከር ያለ ነው። ሴትየዋን ሁሉም ማዳም ይላታል። ሁለት ጊዜ ነው ያዩዋት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትናገር እጇን የምታወናጭፍ፣ ዘይት የምትሸጥ፣ ለእሳቸው የቤታቸው ጠላት። እርስዎ እመቤቴ የሰው ልጅ ጆሮ ወጥ መሰለዎት ወይ ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ ስለ ትምህርት፣ ስለ ኃላፊነት፣ ስለ ሕግ ይቀጥላሉ። እስከ ሁለተኛው ፌርማታ ድረስ ንግግሩ አምሮ ተሠርቶ አለቀ።

ፀጉር ቤቱ ጠባብና ረጅም ነው፤ በአንድ ወገን አራት መስታወት፣ በሌላው ወገን ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ በጥጉ ደግሞ ጭንቅላት የሚታጠብበት ገንዳ። ከካስኩ በታች የተቀመጡት ሴቶች የገዛ ድምፃቸው ስለማይሰማቸው እየጮኹ ያወራሉ። ከገንዘብ መቀበያው በላይ እቤታቸው እንዳሉት ያሉ ብልቃጦች ተደርድረዋል። ምራታቸው ጓንት አጥልቃ የአንዲት ወፍራም ሴት ግማሽ ጭንቅላት ቀለም ቀብታለች። ሲስተርን ልጅ አዝለው በሩ ላይ ስታያቸው ብሩሹ እጇ ላይ ቀረ። ምን ሆነች አለች፣ ድምጿ ግን አልወጣም፤ ከከንፈሯ ነው ያነበቡት። ሲስተር ጆሮዋ መፍሰሱን ነገሯት። ያን ጊዜ ማዳም ከወዲያ በኩል መጣች። ሲስተር የተዘጋጀውን ንግግር ሊጀምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሴትየዋ አለፈቻቸውና የልጅቷን ፀጉር ገለጥ አድርጋ ጆሮዋን አየች፣ አሸተተች።

ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞረች። የሚፈስ ጆሮ ውስጥ እንዳይገባ ብዬ ብልቃጡ ላይ ጽፌ የለም ወይ፣ ደግሞስ ሦስት ቀን ያተኮሳት መሆኑን ዛሬ ጠዋት ነው እንዴ የሚነገረኝ አለቻት። ሐኪም ቤት መሄድ የነበረባት ትናንት ነው አለች። ጓንቱን ከእጇ ላይ አስወልቃ ራሷ አጠለቀችው። ምራታቸው የግማሽ ጭንቅላቷን ደንበኛ እያየች ብታመነታ፣ ደንበኛዋ ራሷ በመስታወቱ ውስጥ፣ ሂጂ እናቴ፣ እኔ ግማሽ ሽበት ይዤ ብቀር አልሞትም አለቻት። ሲስተር ያ ሁሉ ያማረ ንግግር አፋቸው ውስጥ እንደቀረ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። የፈሩት ጦርነት አልነበረም። ከአሁን በኋላ በእሳቸውና በሐኪሙ ክፍል መሀል የቆመ ሰው የለም፣ ከራሳቸው በስተቀር።

ታክሲ ያዙ። ምራታቸው ልጅቷን ታቅፋ በመስኮት በኩል ተቀመጠች፤ ከክንዷ ላይ የቀለም ሽታ ይወጣል። ሲስተር አሁን ልንገራት፣ እዚያ ጥግ ጋ ስንደርስ ልንገራት እያሉ ጥጎቹን አንድ በአንድ አለፉ። ከዚያ ሌላ መንገድ መጣላቸው። ምራታቸው ካርድ ለማውጣት ስትወጣ ለሐኪሙ በጆሮው ሹክ ይሉታል። ባለሙያ ለባለሙያ። እሱ ሌላ መድኃኒት ይጽፋል፣ ልጅቷ ትድናለች፣ ማንም አይጎዳም። ውሃ የሚያነሳ ምክንያት ነበር፤ እንዲያውም ይህን ቀድሞ ባለማሰባቸው ገረማቸው። ከዚያ የነገው ጠዋት ታያቸው፤ ድምቡሼ፣ የተቀቀለው ዱባ፣ የጎረቤት ልጆች ዳቦ ሲገምጡ ቆማ የምታይበት ዓይን። ለሐኪሙ ሹክ ቢሉት መድኃኒቱ ይቀየራል፣ ዱባው ግን አይቀየርም።

ክሊኒኩ ውስጥ ብዙ አልጠበቁም። ጤና መኮንኑ ወጣት ነው፤ ጋወኑ ሰፍቶታል፣ አነጋገሩ ግን ረጋ ያለ ነው። ጫፏ ላይ መብራት ባላት መሣሪያ ጆሮዋን አየ፣ ታምቡሩ መቀደዱን፣ በወቅቱ ከታከመ ራሱ እንደሚዘጋ ነገራቸው። ጆሮዋ ውስጥ የጨመራችሁት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ምራታቸው መሬት መሬት እያየች ምንም አለች። ሲስተር ያንን ምንም አወቁት። ዓመት ሙሉ አብሯቸው የኖረ ቃል ነው፤ በሌላ ሰው አፍ ሲሰሙት ግን የሚያሳዝን ሆኖ አገኙት። ቀጥሎ የማይስማማት ነገር አለ ወይ አለ። ምራታቸው በቃሏ አወረደችው፤ ብርቱካን፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ።

«መድኃኒትስ?»

«መድኃኒት የለም። ምግብ ብቻ ነው።»

ጤና መኮንኑ ማዘዣውን ስቦ መጻፍ ጀመረ። ሲስተር የሐኪም ጽሑፍ ተገልብጦም ቢሆን ያነባሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት አዩ። እሱ ቀና ሳይል ለምራታቸው፣ እስከዚያው የካርድ ክፍሉን ደረሰኝ ያምጡልኝ አላት። ልጅቷን ለሲስተር አቀበለቻቸውና ተነሳች። በታክሲው ውስጥ የተመኙት ሰዓት ሳይለምኑት መጣላቸው። በሩ ተከፈተ። ሁለት እርምጃ ብትወጣ ነገሩ በሹክሹክታ ያልቃል።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ ሲስተር።

እጇ በሩ ላይ እንዳለ ዞረች። ሲስተር ልጅቷን አስተካክለው ታቀፉና ወደ ጤና መኮንኑ ተመለከቱ። ድምፃቸው የሥራ ተራቸውን ለተተኪዋ ነርስ ሲያስረክቡ የሚያወጡት ያ የድሮው ድምፅ ነበር።

«የማይስማማት መድኃኒት አለ። እሱ የምትጽፈው ነው። ባለፈው ዓመት በሁለተኛው ቀን ሽፍታ፣ የፊት እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር። ድንገተኛ ክፍል ገብታ በመርፌ ነው የተመለሰችው።» ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ፤ የቀረው ለእሱ የሚነገር አልነበረም። «የሰጠኋት እኔ ነኝ። ብርቱካኑ ውስጥ ደብቄ። ሐኪሙ ሲጠይቅሽ ከኋላሽ ቆሜ እሰማ ነበር። ስሜን ፈርቼ ዝም አልኩ። ዛሬ ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ብቻ እወቂው።»

ብዕሩ ቆመ። ምራታቸው ወደ ወንበሩ ተመልሳ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሲስተር ትጮሃለች ብለው ጠብቀው ነበር፤ ብትጮህም ፈቀዱላት። እሷ ግን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከሩቅ እንደሚያስታውስ ሰው መጠየቅ ጀመረች።

«ወተቱስ?»

«ወተቱ ምንም አላደረጋትም።»

«እንቁላሉስ?»

«እንቁላሉም አይደለም።»

«ኦቾሎኒው?»

«አይደለም።»

ሲስተር፣ ሁሉም አይደለም ብለው በአንድ ቃል መገላገል ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። እያንዳንዱ ምግብ ለዓመት ከዚያች ልጅ አፍ ተከልክሏል፤ ለየብቻው ሊመለስለት ይገባል። ምራታቸውም አንዱንም አላለፈችም። ድምጿ እየቀጠነ ሄደ እንጂ አልተቋረጠም።

«ኬኩስ? በጎረቤት ልጅ ልደት ከእጇ ነጥቄ ሰው ፊት ያስለቀስኳት?»

«ኬኩም አይደለም» አሉ ሲስተር።

ጤና መኮንኑ የጻፈውን በሁለት መስመር ሰረዘ። ምራታቸው ዓይኗን በነጠላ ጫፍ ሳይሆን ቀለም በነካው ክንዷ ጠረገች፣ ጉንጯ ላይ ጥቁር መስመር ቀረ። ወደ እሱ ዞረች።

«እኔም ዋሽቻለሁ» አለች። «ነጭ ሽንኩርት የተነከረበት ዘይት ጨምሬባታለሁ። ሦስት ቀን። ዛሬ ጠዋትም።»

እሱ አዲስ ወረቀት አወጣና ሁሉንም ከመጀመሪያው ጠየቀ። በዚህኛው ዙር እያንዳንዷ የራሷን መለሰች፤ አንዷ ስታወራ ሌላዋ አላቋረጠቻትም። የመድኃኒቱን ስም በትልቅ ፊደል ለብቻው እንዲጽፍላት ምራታቸው ጠየቀች፤ ጻፈላት፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ዘይቱና ፈሳሹ ከጆሮዋ መጠረግ እንዳለበት፣ ልጅቷም መታገሏ ስለማይቀር የሚይዛት ሰው እንደሚያስፈልግ ተናገረ። ድምቡሼን አልጋው ላይ አጋደሟት፤ ጥጡን ስታይ መራገጥ ጀመረች። ሲስተር በልማድ ሁለት እጃቸውን ወደ ጭንቅላቷ ዘረጉ፤ በሕይወታቸው የያዙትን የልጅ ጭንቅላት ቁጥር ማን ያውቀዋል።

ምራታቸው በመሀል ገባች።

«ጭንቅላቷን የምይዘው እኔ ነኝ» አለች። «እርስዎ እግሯን ይያዙ።»

ሲስተር ወደ አልጋው ግርጌ ዞረው የልጅ ልጃቸውን እግሮች አጥብቀው ያዙ።